ያልማለ ጉንጭ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ጎረቤቶቼ «እንግዲህ እፎይ በይ፣ ዕረፊ» እያሉ ሊያሳርፉኝ ተረባረቡ። እኔ ደግሞ ማረፍ አልችልበትም። ዕድሜዬን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብዬ የኖርኩ ሴትዮ አሁን ሶፋ ላይ ልዘርጋ ብል ወገቤ ራሱ ይታዘበኛል። የሽኝቱ ቀን ጋቢ አለበሱኝ፤ አይቶኝ የማያውቅ አንድ ኃላፊ ለረጅም ሰዓት አመሰገነኝ፤ ኬክ ተቆረሰ፤ አለቀ። ስለ ሥራዬ ከተነገረው ሁሉ ውስጥ ዋናው ነገር አልነበረበትም። እሱን ራሴ ልናገረው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ደብሪቱ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ዳባት ነው፤ በላቦራቶሪ ባለሙያነት የሠራሁትም ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስና ደባርቅ ነው። ከዚህ አስፋልት ርቄ አላውቅም። ላቦራቶሪ ማለት ምን እንደሆነ አገሩን ማስረዳት ግን ሳይሆንልኝ ቀረ። እኛ ዘንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ሴቷ ሁሉ ሲስተር ናት። «ሲስተር፣ መርፌውን ቀስ አድርገሽ» ይሉኛል። «እኔ አልወጋም፣ የኔ ሥራ ማየት ነው» እላለሁ። አምባ ጊዮርጊስ ሳለሁ አንድ የወገራ ገበሬ «ታዲያ ዝም ብለሽ እያየሽ ነው ደሞዝ የምትበዪው?» አለኝ። 

ሥራውን ያስተማረኝ ኮሌጁ አይደለም፤ ጋሼ ፈንታሁን ናቸው። ገና ልጅ እግር ሆኜ ዳባት ጤና ጣቢያ ስመደብ የላቦራቶሪው ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ፣ ሳቅ የሚባል ነገር የማያውቃቸው ሰው። የመጀመሪያው ቀን የያዝኩትን ብልቃጥ አዩና «የበሽተኛውን ስም የት ጻፍሽው?» አሉኝ። ክዳኑ ላይ አልኳቸው። «ክዳን ይቀያየራል» ብለው መለሱልኝ። ስሙን ብልቃጡ ሆድ ላይ እንደገና ጻፍኩት። ከዚያ ወዲያ በቤቴ የበርበሬ ጣሳ ላይ እንኳ ክዳኑ ላይ አልጽፍም።

በማግሥቱ ደግሞ ያልደረቀ የደም ስላይድ ሣጥን ውስጥ ከትቼ ልዘጋ ስል እጄን ያዙ። «እርጥብ ነገር አይከደንም» አሉ። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እግዜር ይወቀው። ስላይዱን ከነፋስ ጠብቀው፣ ከዝንብ ጠብቀው፣ ጠረጴዛው ላይ ደርድረው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እስኪደርቅ ይቆማሉ። በሽተኛ ቢጮህ፣ ኃላፊ ቢጠራ አይንቀሳቀሱም። እኔ በሆዴ «ሰውዬው ጥጥ እየፈተሉ ነው እንዴ?» እል ነበር።

ከሁሉ የከፋው ልማዳቸው ግን ሌላ ነው። አንዱን የወባ ስላይድ ሁለት የተለያየ ምልክት ያደርጉበትና ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ያስመረምሩኛል። ጠዋት «ወባ አለው» ብዬ ከሰዓት «የለውም» ካልኩ አለቀልኝ። አይቆጡም፤ አይሳደቡም። መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ተነስተው ይወጣሉ። እኔ በሰላም ተሰድቤ ብገላገል በስንት ጣዕሙ። እንዲህ እያስጨነቁ ነው ዓይኔን የሞረዱልኝ፤ ውለታቸው ከባድ ነው።

ከዳባት አምባ ጊዮርጊስ ተዛወርኩ፤ እዚያ ማይክሮስኮፑ እንዳያረጅ ብሎ ቆልፎ የሚያስቀምጥ አለቃ ገጠመኝ። «ታዲያ በምን ልመርምር?» ስለው «በጥንቃቄ» አለኝ። ከእሱ ያዳነኝ ዝውውር ነው። ደባርቅ ስገባ ጋሼ ፈንታሁን ጡረታ ወጥተው ዳባት ቤታቸው ገብተው ነበር፤ በመጣሁ በሄድኩ ቁጥር ሳልጠይቃቸው አላልፍም።

የጣፈጡኝ ግን የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው። ዶክተር ሰብለ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። የሰሜን ተራሮች ግርጌ ሕዝብ በእናት በኩል የዘሩ ሐረግ ከየት ከየት እንደሚገናኝ በዲኤንኤ ልታጠና ነው። አገሩን የምታውቅ፣ ናሙና መያዝ የምትችል ሰው ፈለገች፤ እኔ ተመደብኩላት። መጀመሪያ ልጅነቷን አይቼ ናቅኋት። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ መሐል ገበሬዎቹን በአንድ ጊዜ ስታስቃቸውና ስታሳምናቸው ሳይ ንቀቴን ዋጥኩት።

ማስረዳቱ የእኔ ድርሻ ሆነ። «ሰው ከእናትም ከአባትም ይወርሳል። አንዲት ነገር ግን አለች፣ ከእናት ብቻ የምትመጣ። እናትሽ ለአንቺ፣ ለእናትሽ እናቷ፣ ለእሷም እናቷ፣ እንዲህ እያለች ወደ ላይ ትሄዳለች» እላለሁ። ወንዶቹ ቅር ይላቸዋል። «እኛስ?» «እናንተም ከእናታችሁ ወርሳችኋል፤ ለልጃችሁ ግን አታወርሱም። እናንተ ዘንድ ስትደርስ ትቆማለች» ስል ሴቶቹ በነጠላቸው ተሸፍነው ይስቃሉ። አንድ ሽማግሌ «እኛ አባት አባቱን ስንቆጥር የኖርነው በከንቱ ኖሯል» ብለው አዘኑ። ሚስታቸው ግን ተሽቀዳድመው ከፊት ተሰለፉ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ሰውየው አፉን በውሃ ይጉመጠመጣል። ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበት ቀጭን እንጨት አፉ ውስጥ ይገባና የጉንጩ ውስጥ ይታሻል፣ እያዞሩ፣ ሳያጣድፉ። ከዚያ ጥጡ በደንብ ይደርቅና በወረቀት ፖስታ ይታሸጋል። ደም የለ፣ ሕመም የለ። «ይኸው ነው?» ይላሉ ሰዎቹ፣ የተታለሉ ይመስል።

አንድ የክረምት ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የጋሼ ፈንታሁን የእህት ልጅ ስንታየሁ ቢሮዬ ገባ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ አስጎብኚ ነው፤ ዘወትር የሚጫወት፣ ፈረንጁን ሁሉ የሚያስቅ ልጅ። ያን ቀን ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ያ እንጨትሽ ዝምድና ያፈርሳል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለኝ።

«አያፈርስም። ካለ ይናገራል፤ ከሌለም ይናገራል። ምን ሆነህ ነው?»

ተቀምጦ ነገረኝ። ቡይት ራስ ካሉት ሎጆች በአንዱ እንግዳ የምትቀበል ማስተዋል የምትባል ልጅ ይወዳል። እሷም ትወደዋለች። ተራራው ላይ ያለችው የአምባራስ መንደር ልጅ ናት። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ተላከ፤ የሽማግሌዎቹ መሪ ደግሞ አጎቱ ጋሼ ፈንታሁን። አምባራስ ወጥተው፣ ተስተናግደው፣ እንደ አገሩ ወግ ሰባት ቤት መቆጠር ተጀመረ። እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ደም የሚገናኝ ከሆነ ጋብቻ የለም፤ ይህ እኛ አገር ቀልድ የለበትም። በአባት በኩል ተቆጠረ፣ ንጹሕ ሆነ። በእናት በኩል ሲቆጠር ጋሼ ፈንታሁን «የእናቴ እናት ወለቴ ትባላለች፤ ከዚሁ ከአምባራስ ነው ወደ ዳባት የተዳረችው» አሉ።

ይኼኔ ጥግ ተቀምጠው የነበሩት የማስተዋል አያት፣ የእናቷ እናት እማማ ጥሩዬ፣ ብድግ አሉ። «የወለቴ ልጆች ናችሁ? እኔ እኮ የእህቷ የድንቄ ልጅ ነኝ። ዳባት ዘመድ አለኝ እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ሳወራ ማንም አላመነኝም» ብለው ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አቅፈው ሳሙ። ቤቱ ሙሉ በደስታ አለቀሰ። የጠፋ ዘመድ ተገኘ። ስንታየሁም እያለቀሰ ሳማቸው። ከዚያ ጋሼ ፈንታሁን ብቻቸውን ጣታቸውን ሲያጥፉ አያቸው። ወለቴና ድንቄ እህትማማቾች ከሆኑ፣ ስንታየሁ የወለቴ ልጅ የልጅ ልጅ ነው፣ ማስተዋልም የድንቄ ልጅ የልጅ ልጅ ናት። ሰባት ቀርቶ ከአራት ቤት አያልፍም።

«ለቅሶው እዚያው ተለወጠ» አለኝ ስንታየሁ። «ማስተዋል ምሳ ይዛ ስትገባ ሁሉም ዝም አሉ።»

ለዶክተር ሰብለ ነገርኳት። ጥናቱ ለዚህ ስላልተፈቀደ በፈቃድ ወረቀት ስትሟገት ሰነበተች፤ አስፈቀደች። ለሁላችንም ግን አስረግጣ ነገረችን። «የሁለቱ ሐረግ በእናት በእናት ብቻ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ይታያል። ከተለያየ ወለቴና ድንቄ ከአንድ እናት አልተወለዱም ማለት ነው። ከተመሳሰለ ግን ምንም አይነግረንም፤ አምስት ቤትም ሊሆን ይችላል፣ አምሳ ቤትም። ያኔ የሽማግሌዎቹ ቃል ይጸናል።»

ዳባት ወርጄ ለጋሼ ፈንታሁን ይህንኑ ነገርኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ልጁን ይወዱታል፤ ከከለከሉት ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ ብሏቸዋል። «ከልጅቷ ብቻ አልቀበልም» አሉ። «ድንቄ እናቴ ናት ያሉት እማማ ጥሩዬ ናቸው፤ ከእሳቸው አፍ ይወሰድ። እኛም እኔ፣ እህቴና ስንታየሁ እንሰጣለን። ስም እንዳይጻፍ፤ ምልክት ብቻ። ከሁላችንም አንዱን መርጠሽ ሁለት ጊዜ ላኪ፣ በተለያየ ምልክት። እዚያ ያሉትም ይፈተኑ።» አዲስ አበባ ያለውን ትልቅ ላቦራቶሪ እንደ እኔ ሊያስጨንቁት ነው። ደስ አለኝ።

የእነሱን ናሙና ከወሰድኩ በኋላ እንግዲህ ወደ አምባራስ መውጣት ነው። የመኪናውን ፕሮግራም ያወጣው ቢሮው ነው፤ ነሐሴ ላይ አድርጎታል። እኔም ክርስቲያን ተብዬ ፍልሰታ መሆኑን ልብ አላልኩም። ጭቃውን ግማሹን በአይሱዙ፣ ግማሹን በበቅሎ ወጥቼ ስደርስ እማማ ጥሩዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ አገኘኋቸው። አጭር፣ ደርባባ፣ ዓይናቸው የሚስቅ አሮጊት። ጉልበት ስሜ የመጣሁበትን ስነግራቸው በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«ቆርቤያለሁ ልጄ። ዛሬ ከአፌ ምንም አይወጣም» አሉ።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት።»

«ከቅዳሴ በፊትማ ወደ አፌ ምንም አይገባ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያም እቆርባለሁ። ፍልሰታ አይደለም እንዴ?»

ምን ይባላል? ከመቁረባቸው በፊት አይገባ፣ ከቆረቡ በኋላ አይወጣ። እዚያው ቤታቸው ተቀመጥኩ። ምስር አብረን ለቀምን፤ በጨዋታ ገደሉኝ። ስለ ዳባት ዘመዶቻቸው አንድ በአንድ ይጠይቁኛል፤ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፣ ጋሼ ፈንታሁን ለምን እንደዚያ ቀጠኑ። አንዳንዴ «ያን ቀን አፌን ይቁረጠኝ፤ ምን አስቸኮለኝ?» ይላሉ። ለልጅቱ አዝነው ነው እያልኩ አጽናናቸዋለሁ።

ጾሙ በተፈታ ማግሥት ናሙናውን ወሰድኩ። ተራራው በጉም ተሸፍኗል፤ እጄ ደንዝዟል፤ ጥጡ አልደርቅ አለ። ታች አይሱዙው ጡሩምባውን ይነፋል፤ ካመለጠኝ ደግሞ ሌላ መኪና የለም። ፖስታው በዝናብ እንዳይበሰብስ ብዬ ከነወረቀቱ በላስቲክ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ወረድኩ። ጥበቃ ያደረግሁ መስሎኛል። ደባርቅ እንደገባሁም አንድ ሰዓት ገልጬ ላናፍሰው ስችል፣ ድካም ጥሎኝ እንደተጠቀለለ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና እስኪገኝ ቆየ።

ጥቅምት ላይ ዶክተር ሰብለ ደወለች። የዳባቶቹ ናሙና ደህና ነው። የአምባራሱ ሻግቷል፤ የሚነበብ ነገር አልተገኘበትም።

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ ብል ውሸት ነው፤ ከለቅሶ ይልቅ እፍረቱ ነው ያቃጠለኝ። የዕድሜ ልክ ሥራዬ እኮ ነው። ከሁሉም የከበደኝ ዳባት ሄጄ ለጋሼ ፈንታሁን መንገሩ ነው። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጉሙን፣ ጡሩምባውን፣ ላስቲኩን።

«እርጥቡን ከደንሽው?» አሉ።

«አዎ።»

 መነጽራቸውን አወለቁ። ያን መነጽር ሲጠርጉ ከማይ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ወሬው በአንድ ሳምንት ደባርቅን አዳረሰ። «ሲስተሯ አሻገተችው» ተባልኩ። ያ ባልከፋ፤ የስንታየሁ እናት ግን ቁርጡ ታወቀ ብላ ለልጇ አምባ ጊዮርጊስ ሌላ ልጅ ማፈላለግ ጀመረች። ስንታየሁ እናቱን አክባሪ ነው፤ «ሽማግሌዎቹ ጥር እስኪያልቅ መልስ ካልመጣ እናትህን እሺ በላት ብለውኛል» አለኝ። ማስተዋል ሎጁ ውስጥ እንግዳ ፊት ትስቃለች፤ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ዳግመኛ አምባራስ የምወጣበት መኪና ለመለመን የቢሮውን በር ደጋግሜ ረገጥኩ፤ ነዳጅ የለም፣ ሾፌር የለም፣ ፊርማ የለም።

ያኔ ነው እማማ ጥሩዬ ራሳቸው የመጡት። ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት በሎጁ መኪና ተጭነው፣ ማስተዋልን ተደግፈው፣ ላቦራቶሪዬ በር ላይ ቆሙ። ከአምባራስ ከወረዱ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ እሳቸውም አያውቁት።

«እማማ፣ ምን ሲሆን መጡ? እኔ እመጣ አልነበረም?» አልኳቸው ደንግጬ።

«አንቺን ስጠብቅ ልጅቱ ታረጅብኛለች። ዛሬ አልቆረብኩም፤ በይ እንጨትሽን አምጪ።»

ተጉመጠመጡ፤ አፋቸውን ከፈቱ። እንጨቱን ከማስገባቴ በፊት እጄን ያዝ አደረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ነገር እኔ ምንም ሳልናገር ብቻውን ይናገራል?»

«ብቻውን ይናገራል እማማ። የእርስዎን ቃል አይፈልግም።»

«እንግዲያው ደህና አድርገሽ እሺው» አሉ።

አሸሁት። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ እስኪደርቅ ቆምኩ። አለቃ ጠራኝ፣ አልሄድኩም። ማስተዋል «አልደረቀም እንዴ?» ብትለኝ «ገና ነው» አልኳት። ከእሷም ወሰድኩ። የእማማ ጥሩዬን ሁለት አድርጌ፣ በሁለት ምልክት፣ በወረቀት ፖስታ አሽጌ ላክሁት። አሮጊቷ ወደ አምባራስ አልተመለሱም፤ ውጤቱን ሳልሰማ አልንቀሳቀስም ብለው ቡይት ራስ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀመጡ።

ከገና በኋላ ገበያ መሐል ሽንኩርት ስመርጥ ስልኬ ጮኸ። «እትዬ ደብሪቱ፣ ተቀምጠሽ ነው?» አለች ዶክተር ሰብለ። «ቆሜ ነው፤ ተናገሪ» አልኳት። ጋሼ ፈንታሁን፣ እህታቸውና ስንታየሁ አንድ ዓይነት ናቸው። እማማ ጥሩዬና ማስተዋል አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። በሁለት ምልክት የተላከውም በሁለቱም አንድ ሆኖ ወጥቷል። ሽንኩርት ሻጯ «ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ስትደነግጥ ነው እያለቀስኩ እንደሆነ ያወቅሁት። ደስታ ነው አልኳት።

ግን ደስታዬ ውስጥ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ወለቴና ድንቄ እህትማማቾች ካልሆኑ እማማ ጥሩዬ ማን ናቸው? ውጤቱ መጀመሪያ ለእሳቸው መነገር አለበት ብዬ በቀጥታ ቡይት ራስ ወጣሁ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እጃቸውን ይዤ ነገርኳቸው። አልደነገጡም። 

«እናቴና ወለቴ በአንድ ክረምት ነው የተወለዱት» አሉ ቀስ ብለው። «መንታ አልነበሩም። በአንድ ጡት አደጉ። ከዚህ በላይ ከአፌ አይወጣም ልጄ። እናቴ ልትሞት ስትል አስምላኛለች።»

ያኔ ገባኝ። ድንቄ የጡት ልጅ ነበረች። እኛ አገር ወላጅ የሞተባትን ሕፃን አንዲት ሴት ከራሷ ልጅ እኩል ጡቷን ካጠባቻት ልጇ ናት፤ ከዚያ ወዲያ «ባዕድ ናት» የሚል ቃል እንዳይነሳ በመሐላ ይታሰራል። እማማ ጥሩዬም «እናቴ የወለቴ እህት አይደለችም» ላይሉ ምለዋል። ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን በደስታ ዘለው የተናገሩትን ቃል መልሰው ሊያፈርሱት አልቻሉም። የልጅ ልጃቸው ዓይናቸው እያየ ስትከስም ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር።

«ለዚህ ነው ደባርቅ ድረስ የወረዱት?» አልኳቸው።

«አፌ ምሏል። ጉንጬ ግን አልማለም» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ ጠፋ። «ደብሪቱ፣ ልጅቱ ትዳር ትይዛለች፤ ተመስገን። እኔ ግን ዳባት ያሉት ዘመዶቼ ጠፉብኝ ማለት ነው አይደል? በስተርጅና አግኝቻቸው።»

ምን ልበላቸው? አላውቅም አልኳቸው፤ እውነቴን ነው።

ሁለቱ ወገኖች ዳባት ጋሼ ፈንታሁን ቤት ተሰበሰቡ። የእማማ ጥሩዬ ንስሐ አባት አባ ኪዳኔም ከአምባራስ መጡ። ውጤቱን ተናገርኩ። ጋሼ ፈንታሁን መጀመሪያ «የተደገመውስ?» አሉ። «ገጥሟል» አልኩ። «እንግዲያው ውጤቱ ትክክል ነው» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። አባ ኪዳኔ ወደ አሮጊቷ ዞረው «ድንቄና ወለቴ በአንድ ጡት አድገዋል?» ብለው ጠየቁ። «አድገዋል አባቴ» አሉ እማማ ጥሩዬ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሁሉም ገባቸው፤ ማንም ግን «ባዕድ» የሚለውን ቃል አላነሳም።

አባ ኪዳኔ አሰብ አድርገው ተናገሩ። «የጡት ልጅ ልጅ ናት። ድንቄ የወለቴን ወንድም ላግባ ብትል አይቻልም ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ግን ደም አይገናኛቸውም፤ ይጋቡ።» እኔ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ አይደለሁም፤ እሳቸው ያሉት ይህን ነው። ስንታየሁ ተነስቶ የአባን መስቀል ሊስም ሲል እግሩ ተሳስሮ ወንበሩን ገለበጠው፤ እናቱ እልልታዋን አቀለጠችው፤ አምባ ጊዮርጊስ የታሰበችው ልጅ እዚያው ተረሳች። እማማ ጥሩዬ ግን ከጥጋቸው አልተነሱም። ጋሼ ፈንታሁን እሳቸውን ያያሉ። ስንለያይ አሮጊቷ የቤቱን ሰው እንደ እንግዳ ራቅ ብለው እጅ ነስተው ነው የወጡት። አንጀቴን በሉት።

ሠርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ዳባት ተደረገ። ድንኳኑ ከአስፋልቱ ዳር ተተክሎ ሚኒባሶቹ ሁሉ ጡሩምባ እየነፉ ያልፋሉ። እኔ እንደ ሚዜ እናት ተንቀባርሬ ከፊት ተቀምጫለሁ፤ «ያሻገተችው ሲስተር» ያለኝ ሁሉ እየመጣ ይስመኛል። እማማ ጥሩዬ ከሙሽራዋ ወገን ጋር መግቢያው አጠገብ፣ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ፊት ይምጡ ስላቸው «እዚሁ ይሻለኛል፤ የሰው ቤት ነው» አሉኝ።

ጋሼ ፈንታሁን ከመድረኩ ዳር ሆነው ድንኳኑን በዓይናቸው ሲፈልጉ አየሁ። አገኟቸው። ሕዝቡን አቋርጠው፣ ያን ረጅም ቁመታቸውን ጎንበስ አድርገው፣ በሰው ሁሉ ፊት የእማማ ጥሩዬን ጉልበት ሳሙ። ከዚያ በክንዳቸው ደግፈው አምጥተው ከራሳቸው ወንበር አጠገብ፣ የወለቴ ልጆች ከተቀመጡበት መሐል አስቀመጧቸው።

ከወገራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «እኚህ እናት ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«አክስቴ ናቸው» አሉ ጋሼ ፈንታሁን። «የአያቴ የወለቴ እህት ልጅ።»

«ሙሽራይቱ ደግሞ የልጅ ልጃቸው አይደለችም እንዴ?» ሽማግሌው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ታዲያ አክስትህ ከሆኑ ልጆቹ እንዴት ይጋባሉ?»

ጋሼ ፈንታሁን በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ደሙን ላቦራቶሪ ያውቀዋል። አክስቴን የማውቀው እኔ ነኝ።»

እማማ ጥሩዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ግን ከሁላችንም ቀድመው እልል ያሉት እሳቸው ናቸው።